ከጧኢፍ የመጣው ደብዳቤ

ጋሼ ጸጋውን ያወቅሁት በ1985 ዓ.ም. ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ በነበረችው ትንሽ የፖስታ ቅርንጫፍ ሥራ ስጀምር ነው። እኔ በመስኮቱ ቴምብር እሸጣለሁ። እሱ ከኋላዬ ባለው ክፍል፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በበሩ ሥር እየገባ እግር በሚያደነዝዝበት ጠባብ ቦታ፣ ባለቤት ያጡ ደብዳቤዎችን ይይዛል። የቅጥር ደብዳቤው እንዲህ አይልም፤ ደብዳቤ መለየት፣ ማህተም መምታት፣ ከረጢት ማሰር ነው የሚለው። ግን መድረሻው የጠፋ ደብዳቤ በተገኘ ቁጥር ሁላችንም "ለጸጋው ስጡት" እንላለን።

የሚጠፋውም ብዙ ነበር። ደብዳቤ ቤት ለቤት አይታደልም። ሳጥን ያለው ከሳጥኑ ይወስዳል፤ የሌለው በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ፣ በመስጊድ፣ በዘመድ ሱቅ በኩል ያስልካል። ያም የሌለው "ደሴ ፖስታ ቤት ሲጠየቅ የሚሰጥ" ብሎ ያስጽፍና እየመጣ ይጠይቃል። የድሮው ጦር ከተበተነ በኋላ ለሌለ ክፍለ ጦር የተጻፈ ደብዳቤ አገር ዞሮ በከረጢት ይመለስልን ነበር። "ከሸዋ በር ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮው ጎን፣ ለእትዬ" የሚል ብቻ የተጻፈበት ፖስታም በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ ጸጋው በምሳ ሰዓቱ ወርዶ እትዬን አግኝቷቸዋል።

ሰው መፈለግ ይወዳል፤ መስጠት ላይ ግን ድርቅ ያለ ነበር። የአባት ስም ካልገጠመ፣ ላኪው ካልታወቀ፣ ቢለምኑት ቢያለቅሱበት አይሰጥም። ምክንያት ነበረው። ሥራ በጀመረበት ዓመት አንድ ደብዳቤ ለሞክሼ ሰጠ። ደብዳቤው መርዶ ነበር። ሰውዬው አስነብቦ ድንኳን ተከለ፤ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሦስት ቀን ከተለቀሰ በኋላ ሞተ የተባለው ልጅ በእግሩ መጣ። የእውነተኛው ሟች እናት ደግሞ ያንን ሦስት ቀን ምንም ሳታውቅ ልጇን ስትጠብቅ ነበር። ጋሼ ጸጋው ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ።

አቶ አግማስ መምጣት የጀመሩት በ1988 መጨረሻ ነው። የገራዶ ገበሬ ናቸው፤ ጎመንና ካሮት፣ አንዳንዴም ቀይ ሽንኩርት ያመርታሉ። ሰኞ ሰኞ ገበያ ያመጡትን ከሸጡ በኋላ ጭቃቸውን ደጃፉ ላይ አራግፈው ወደ መስኮቴ ይመጣሉ።

"የኔ ልጅ፣ ከጽናት የመጣ አለ?"

"የለም አባባ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ለሰኞ በደኅና ያድርሰን።"

ጽናት የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ሁለት ዓመት እቤት ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ደላላ አግኝታ፣ ለዑምራ ከሚሄዱት ጋር ተደባልቃ ጅዳ ገባች፤ ሰው ቤት ልትሠራ። ደላላው ለወላጆቿ የአሠሪዋ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ሰጣቸው። ያቺን ወረቀት አቶ አግማስ በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይይዟታል። ደብዳቤውን ታናሽ ልጃቸው ቤት ይጽፋል፤ ፖስታው ላይ አድራሻውን በላቲን ፊደል የሚጽፈው ጋሼ ጸጋው ነው። "ጽናት አግማስ" ብሎ፣ ደላላው የሰጠውን ቁጥር ከሥሩ።

ሦስት ጊዜ ተጻፈ። ሦስቱም ተመለሰ።

ፖስታው ላይ በዓረብኛ የተመታ ማህተም ነበረበት። ጋሼ ጸጋው ዓረብኛ አያነብም፤ ከመንገዱ ማዶ አቡጀዲና ሽርጥ የሚሸጡት ሐጂ ሀፊዝ ጋ ይዞ ይሻገራል። ሐጂ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፖስታውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያነባሉ።

"'በዚህ አድራሻ አትታወቅም' ነው የሚለው። አላህ ያግራላቸው።"

ጋሼ ጸጋው የተመለሰ ደብዳቤ በመስኮት አያቀብልም። ኮቱን ለብሶ በኋላ በር ዞሮ ይወጣና ከሰውዬው ጎን ደረጃው ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ከዚያ ደብዳቤውን ያወጣል። ለአቶ አግማስም ሦስት ጊዜ እንደዚያ አደረገ። አቶ አግማስ የተመለሰውን ተቀብለው ያልተከፈተ መሆኑን በጣታቸው ዳብሰው ኪሳቸው ያስገቡታል። "ቤት ቀይረው ይሆናል" ይላሉ።

በ1990 መስከረም፣ መስቀል ሳይደርስ፣ ከሳዑዲ አንድ ደብዳቤ መጣ። ጠርዙ የተላላጠ ስስ ፖስታ ነው። ፊቱ ላይ በላቲን "አግማስ፣ ደሴ፣ ኢትዮጵያ" ይላል፤ የአባት ስም የለ፣ ሳጥን የለ። ጀርባው ላይ በዓረብኛ ሁለት መስመር። ሐጂ ሀፊዝ አነበቡት፦ "ፈትሂያ በሺር። ጧኢፍ።" ከከተማው ስም ሌላ የላኪ አድራሻ የለውም።

ጋሼ ጸጋው ከተማው ውስጥ አግማስ የሚባል ሁሉ ፈለገ። ሳጥን ያላቸው ሁለት ተገኙ፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር። ሁለቱም ፈትሂያ የምትባል አናውቅም አሉ። ሰኞ የገራዶው አግማስ ሲመጡ ደብዳቤውን ይዞ ወጣ።

ያን ቀን መስኮቴ ላይ ሰው ስላልነበረ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"አቶ አግማስ፣ ከሳዑዲ አንድ ደብዳቤ አለ። የርስዎ መሆኑን እንጃ። ፈትሂያ በሺር የምትባል ያውቃሉ?"

"የኛዋ ጽናት ናት።"

"አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ላኪዋ ፈትሂያ ናት። ከጧኢፍ ነው።"

አቶ አግማስ ደብዳቤውን ተቀበሉት። ገለበጡት። የማያነቡትን ጽሑፍ ረጅም ጊዜ አዩት።

"የኛ ጅዳ ናት። በሺር የሚባል ወዳጅም ዘመድም የለኝም" አሉ በመጨረሻ። "የሰው ነው። የሰው ምስጢር ከፍቼ ኃጢአት አልገባም።"

መልሰው ሰጡት። ጋሼ ጸጋውም "እንክፈተውና እንየው" አላለም። እንዲያውም ሲገባ ደስ ያለው መሰለኝ። "አየሽ ሊድያ፣ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው" አለኝና ደብዳቤውን መደርደሪያው ላይ መለሰው። እዚያ ስድስት ወር ተቀመጠ። መጋቢት ላይ ደንቡ የሚለው ጊዜ ሲሞላ መዝገብ ላይ "ተቀባይ ያልተገኘለት፣ የላኪ አድራሻ የሌለው" ብሎ ጽፎ ከሌሎች ጋር አዲስ አበባ ላከው።

ጋሼ ጸጋው በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በስሕተት ወደኛ የመጡ የኮምቦልቻ ደብዳቤዎችን ያደርሳል፤ የኛን ያመጣል። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ እንደዚሁ ወርዶ እያለ አንዲት ሴት ፖስታ ይዛ መጥታ "ወንድሜ፣ በላቲን ትጽፍልኛለህ?" አለችው። ለይላ ትባላለች፤ የሐርቡ ልጅ ናት። ጅዳ አራት ዓመት ሠርታ መመለሷ ነበር። አብራት ትሠራ ለነበረች ጓደኛዋ ነው የምትልከው።

"ስሟን ንገሪኝ።"

"አትጠገብ። ኧረ ቆይ፣ አትጠገብ ብለህ እንዳትጽፍ። ሀያት መሐመድ በል።"

"ለአትጠገብ ነው ወይስ ለሀያት?"

"አንድ ሰው ናት እኮ" አለችና ሳቀች። "አትጠገብ የእናት የአባቷ ነው። በፓስፖርቷ ሀያት ናት። እዚያ አትጠገብ ብሎ የሚያውቃት የለም፤ አሠሪዋም፣ ሹፌሩም፣ ፖስታ ቤቱም ሀያት ነው የሚላት።"

ጋሼ ጸጋው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንደተከለ ቀረ። "ክርስቲያን ናት?"

"አዎ። ለዑምራ ተብሎ ስለሚወጣ ደላላው የሙስሊም ስም ያወጣላቸዋል።"

"የአባቷንም?"

"የአባቷንም። ፓስፖርቱ ላይ የተገኘው ነው የሚሆነው።"

"ጧኢፍ የሚባለው አገር የት ነው?"

"ደጋ ነው። ክረምት ሙቀቱ ሲጠና ማዳሞቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሠራተኛዋንም ይዘው።"

የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ሲወጣ ምን እንዳሰበ አላውቅም። ማታ ልንዘጋ ስንል ደረሰ። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ሳይፈታው፣ "የሰውዬውን ልጅ ደብዳቤ ከእጃቸው ተቀብዬ ጣልኩት" አለኝ። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሰኞ አቶ አግማስ መጡ። ጋሼ ጸጋው ወጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ስለ ገበያውም ስለ ዝናቡም አላወራም።

"ምነው፣ ተመልሶ መጣ እንዴ?" አሉት።

"አይደለም። እኔ ነኝ የመለስኩት። መስከረም ላይ ያሳየሁዎ ደብዳቤ የጽናት ሳይሆን አይቀርም።" ከዚያ ለይላ የነገረችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራቸው።

አቶ አግማስ እስኪጨርስ ሰሙት። "በእጄ ይዤው ነበር" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ስሟን ማን አልከኝ?"

"ፈትሂያ።"

"ፈትሂያ ክፉ ስም አይደለም። የጎረቤቴም ልጅ ፈትሂያ ናት፤ አንድ ጡት ጠብተው ነው ያደጉት። በሺር ማነው?"

"ማንም አይደለም። ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ነው።"

"ማንም ያልሆነ ሰው እንዴት የልጄ አባት ይሆናል? እኔ አልሞትኩ።"

"አሁን በዚያ ስም ብንጽፍላት ይደርሳታል ብዬ አስባለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን..."

"በሺር ብዬ አላስጽፍም" አሉና ተነሱ። ባዶ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱ።

የሚቀጥለው ሰኞ አልመጡም። ከዚያ የሚቀጥለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ በክረምትም በበጋም ያልቀሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ጸጋው መስኮቴ አጠገብ እየመጣ ደጁን ያያል፤ ይመለሳል። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ሐጂ ሀፊዝን ይዞ ገራዶ ወረደ። እኔ አልነበርኩም፤ ሐጂ የነገሩኝን ግን እዚያው ቤት ሆኜ እንደሰማሁት አድርጌ ነው የያዝኩት።

አቶ አግማስ በአክብሮት ተቀበሏቸው። ለሐጂ የሚበሉት ከጎረቤት፣ ከዚያችኛዋ ፈትሂያ እናት ቤት ተሠርቶ መጣ። የአቶ አግማስ ሚስት እትዬ አረጋሽ ከምሰሶው ሥር ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ስለ ደብዳቤው ያነሳ ሰው ሳይኖር ብዙ ቆዩ። በኋላ ሐጂ ጀመሩ።

"አቶ አግማስ፣ እኔ ሀፊዝ ነኝ። አባቴ ከድር ይባላል። አያቴ ግን ኃይለ ማርያም ነበሩ። እኔ ሀፊዝ ስለተባልኩ እሳቸው አያቴ መሆናቸው አልቀረም። ወላሂ፣ ዱዓ ሳደርግ አልዘላቸውም።"

"የርስዎ አባት ወደው ነው ሐጂ። የኔ ልጅ ግን ስሟን የሸጠላት ደላላ ነው።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ ሐጂ።

ጋሼ ጸጋው ይቅርታ መጠየቅ ፈልጎ ነበር፤ ከየት እንደሚጀምር አላወቀም። ቀድመው የተናገሩት እትዬ አረጋሽ ናቸው።

"ስሟን ስትለውጥ ለምን ያልነገረችን ይመስልሃል? አንተ እንዳይከፋህ ነው" አሉ ወደ ባላቸው ዞረው። "አሁን ከፍቶህ ዝም ካልካት የፈራችው ደረሰባት ማለት ነው። እኔ የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ፤ የወለድኳት እኔ ነኝ። ለሳዑዲ ፖስታ ቤት ማስረዳት የለብኝም።"

ሐጂ እንደነገሩኝ አቶ አግማስ ተነስተው ወጡ፤ ጓሮ ጎመናቸው መሃል ትንሽ ቆመው ተመለሱ። ከደረት ኪሳቸው ላስቲኩን አወጡ።

"ከላይ እነሱ ያሉትን ጻፍ" አሉት ጋሼ ጸጋውን። "ከውስጥ ግን መጀመሪያ መስመር ላይ የኔን ስም አድርግ።"

ጋሼ ጸጋው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ራሱ ጻፈው። "ይድረስ ለልጄ ለጽናት። እኔ አባትሽ አግማስ ነኝ" ብሎ ጀመረ። ከዚያ እትዬ አረጋሽ ተቀበሉ፤ የታናናሾቿን ክፍል፣ የሞቱትን አክስቷን፣ የወለዱትን ጎረቤቶች አስጻፉ። "ስምሽን ሰምተናል፤ አልተቆጣንም" የሚለውንም እሳቸው ናቸው ያስጻፉት። አቶ አግማስ አልተቃወሙም። ፖስታው ላይ ፈትሂያ በሺር ተብሎ ሲጻፍ ወደ ደጅ እያዩ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሐምሌ አለፈ። ነሐሴም አለፈ። ከሳዑዲ የተመለሰ ከረጢት በመጣ ቁጥር ጋሼ ጸጋው ቀድሞ ይፈታል። የኛው ደብዳቤ የለበትም። "አልተመለሰም" ይለኛል በጆሮዬ፤ መስከረም ላይ አቶ አግማስም ይህንኑ ቃል ለምደው፣ "ከጽናት የመጣ አለ?" ማለቱን ትተው "አልተመለሰም?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ መልሱ መጣ። ጀርባው ላይ እንደ ፊተኛው በዓረብኛ ፈትሂያ በሺር ይላል። ከሥሩ በአማርኛ፣ በትንንሽ ፊደል፣ "ጽናት አግማስ" ተብሎ ተጽፏል።

አቶ አግማስ አንብቢልኝ ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ጋሼ ጸጋው በሩን ተደግፎ ቆመ። ደህና ነኝ ትላለች። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ ጽፋለች፤ ሁለቱ እኛ ጋ ጭራሽ አልደረሱም። ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድላት የምትልከው በሹፌሩ እጅ ነው፤ አድራሻውን በቃል ትነግረዋለች፣ እሱ እንደገባው ይጽፋል። መልስ ሲጠፋባት ስሟን መለወጧን ሰምተው የተቀየሟት መስሏት ነበር። "አባዬ፣ በሺር ሲሉኝ አቤት የምለው ባፌ ነው" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወደ በሩ ዘረጋሁት። ጋሼ ጸጋው ተቀብሎ ጨረሰው።

አቶ አግማስ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ካሮቱን ለሰው አደራ ብዬ ነው የመጣሁ" ብለው ወረዱ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመልሰው መጡ፤ ልንዘጋ እስክንቃረብ ድረስ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

ጋሼ ጸጋው ያንን የጧኢፍ ደብዳቤ ለማስመለስ ወደ አዲስ አበባ ጽፎ ነበር። የመጣው መልስ አጭር ነው፦ የመቆያ ጊዜው አልፎ በደንቡ መሠረት ተወግዷል። ወረቀቱን አንብቦ ማህደር ውስጥ አስገባው። ደንብ የጣሰ አልነበረም፤ እሱም አልጣሰም። ለዚህ ይመስለኛል የሚቆጣበት ሰው ያጣው።

ከዚያ ወዲህ ግን ከልጁ የተለየ ወላጅ መስኮቱ ላይ ሲቆም ከኋላ ሆኖ ይጠይቃል፦ "በፓስፖርት ስሟ ማን ትባላለች?" ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። አንዳንዶቹ ይቆጣሉ። አንዳንዶቹ ዞር ዞር ብለው አይተው በሹክሹክታ ይናገራሉ። ሁለቱንም ስም በአንድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ጀመረ። አለቃችን "ይሄ የኛ ሥራ አይደለም፣ ነገ ጣጣ ያመጣል" አሉት። አልተከራከራቸውም፤ ደብተሩን ግን ቤቱ እያሳደረ ጠዋት ያመጣው ነበር። በዚያ መንገድ የተገኙ አሉ። ሁለቱም ስማቸው ታውቆ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ፣ ደብዳቤያቸው እንደገና የተመለሰም አሉ። ለነሱ ወላጆች ኮቱን ለብሶ መውጣቱ አልቀረም።

ጽናት በ1994 ለዕረፍት መጣች። ረጅም፣ ቀይ ዳማ፣ ዓይኗ አባቷን የመሰለ ልጅ ናት። አቶ አግማስ ገበያው መሃል እጇን ይዘው ለሰው ሁሉ እያሳዩ እኛ ጋ አመጧት። ጋሼ ጸጋው እጇን ጨብጦ ትንሽ ካመነታ በኋላ የቆየበትን ጠየቃት።

"ከጧኢፍ የጻፍሽው ያ ደብዳቤ... ምን ነበር ያለበት?"

ጽናት አሰበች። "ኧረ ጋሼ፣ ረስቼዋለሁ። ላሟ ወለደች ወይ ብዬ ጠይቄ ይሆናል።"

አቶ አግማስ በጣም ሳቁ። "ወልዳለች! ሁለቴ ወልዳለች!" አሉ። እኔም ሳቅሁ። ጋሼ ጸጋው ፈገግ አለና ሥራ አለብኝ ብሎ ገባ። በኋላ ስገባ ከረጢት እያሰረ ነበር፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "እንግዲህ ምን ታድርግ፣ እሷ ብዙ ጽፋለች" አለኝ።

ልጅቷ ሁለት ወር ቆይታ ሄደች፤ በ1997 ጠቅልላ መጥታ ኮምቦልቻ ውስጥ የሴቶች ልብስ ሱቅ ከፈተች። አቶ አግማስ የሰኞውን መንገድ ትተው ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ጋ መውረድ ያዙ። ሞባይል በየቤቱ ሲገባ ከዓረብ አገር የሚመጣው ደብዳቤ እየሳሳ ሄደ። መደርደሪያው ላይ የባንክ ወረቀትና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብቻ ቀረ። ጋሼ ጸጋው በ2002 ጡረታ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ሐጂ ሀፊዝ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሳልፍ ሰላም ስለው ስለ ሥራ አይጠይቀኝም። "ዘንድሮ በልግ ጥሩ ነው ይላሉ" ይለኛል፤ እኔም "አዎ፣ ገራዶ አካባቢ ጥሩ ዘንቧል" ብዬ መንገዱን እሻገራለሁ።